አያ ጅቦ ከላይ፣ አህያ ከታች፦ ለወንዝ ብክለት ሌቨል የእንቆቅልሽ ሐሳብ ፈልጌ ነበር

የቦዬ ልጅ (ጅማ)
ኅዳር 3፣ ማታ 2:15

ሰላም ለሁላችሁ። በትርፍ ጊዜዬ ትንሽ የስልክ ጌም እየሠራሁ ነው። በጎዶት (የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር) ነው የምሠራው። ሦስተኛው ሌቨል ስለ ውሃ ብክለት ነው፤ ወንዙም አዌቱን እንዲመስል አድርጌዋለሁ። ከተማችንን መሃል ለመሃል አቋርጦ፣ ቦዬ ረግረግ ገብቶ፣ ወደ ግልገል ጊቤ የሚወርደው አዌቱ።

አሁን ያለው እንቆቅልሽ ፕላስቲክ መልቀም ነው። 20 ባዶ ሃይላንድ ስትለቅሙ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል፣ ዓሣ ይዘላል፣ አለቀ። ለሰፈር ልጆች ሰጥቻቸው በአራት ደቂቃ ጨረሱት። አንዷ 11 ዓመቷ ነው። ስልኬን ስትመልስልኝ "ማነው የጣለው ግን?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጌሙ ውስጥ ማንም አልጣለውም። ኮዱ ነው የበተነው።

ከዚያ በኋላ የጅቡና የአህያዋ ተረት ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። "ውሃውን አታደፍርሽብኝ" አላት። "አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ" አለችው። ውሃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። ሌቨሉን እዚህ ላይ ማቆም ፈለግሁ። ተጫዋቹ ምንጩን ይፈልግ። ግን መልሱ ሁልጊዜ "ወደ ላይ ሂድ" ከሆነ ያ እንቆቅልሽ አይባልም። እንዴት ላክብደው?

ኮድ በሌሊት (አዲስ አበባ)
ኅዳር 3፣ ማታ 3:40

"ማነው የጣለው?" ያለችሽን ልጅ አትልቀቂያት እህቴ። ሌቨልሽ ያለው እሷ ጥያቄ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ናሙናውን አሳንሺ። ወንዙን 32 ቦታ ክፈይው፤ ተጫዋቹ ግን 5 ጠርሙስ ብቻ ይኑረው። ከታች ተነስቶ አንድ በአንድ የሚቀዳ ሰው ገና ሳይርቅ ጠርሙሱ ያልቅበታል። መሃል ላይ የሚቀዳ ደግሞ ግማሹን ወንዝ በአንዴ ከጥርጣሬ ያወጣል። 16 ይቀራል፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። በአምስት ተደረሰ። ይህን ጽፈሽ አታስረጂ። ሁለቴ ሲሸነፉ ራሳቸው ያገኙታል።

ቀጥሎ ገባር ወንዝ ጨምሪ። መንታው ጋ ሲደርሱ "ወደ ላይ" የሚለው መልስ ሁለት ይሆናል።

ነጭ ጋዋን (ጅማ)
ኅዳር 4፣ ጠዋት 1:20

ሥራዬ ውሃ መመርመር ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም። ተጫዋቹ የሚለካው ምንድነው? "ቆሻሻ፦ 70 በመቶ" የሚል ቁጥር ከሆነ ቀይሪው። እንዲህ የሚል መሣሪያ የለም። ደግሞም እንቆቅልሹን የሚገድለው እሱ ነው።

በእኛ አካባቢ በዚህ ወቅት ወንዝ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ የእሸት ቡና ማጠቢያ ውሃ ነው። ሲታይ መርዝ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ስኳር ነው። እሸቱ ሲፈለፈል ልጣጩና የሚያሟልጨው ሙጫ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ባክቴሪያዎች ይህን ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። መብላት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ውሃው እስከዚያ እየሄደ ነው። ስለዚህ ኦክስጅን በጣም የሚወርደው ቆሻሻው የገባበት ቦታ ላይ ሳይሆን ወረድ ብሎ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ከኦሃዮ ወንዝ ተነስተው ይህንን በቀመር አስቀምጠውታል። ሲሳል መስመሩ እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል።

ለጌም ሁለት ደንብ ይበቃል። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ ውሃው 20 ዲግሪ ሲሆን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 7.5 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በባህር ጠለል ቢሆን 9 ይጠጋ ነበር። ስክሪኑ ላይ ኦክስጅን የሚያሳየው ባርሽ ሲሞላ 7.5 ይሁን። አንድ ቦታ ላይ 20 የሚያህል ቆሻሻ ጣይ። በእያንዳንዱ ታይል (የጌሙ ካርታ አንድ ካሬ) ቆሻሻው ከራሱ አንድ አስረኛ ይቀንሳል፤ በቀነሰው ልክ ኦክስጅን ይበላል። ወንዙ ደግሞ ከጎደለው ኦክስጅን አንድ አምስተኛውን ከአየር ይመልሳል። ስድስተኛው ታይል ላይ 2.1 አካባቢ ታገኛለሽ። ሃያኛው ላይ ወደ 5.3 ተመልሷል።

አሁን ተረትሽን አስቢው። የሞተው ዓሣ ያለው ስድስተኛው ታይል ላይ ነው። እዚያ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ይኑሩ። አረፋውም እዚያ፣ ሳሙናውም እዚያ፣ ዓሣውም እዚያ። ተጫዋቹ እነሱን ይከሳል። አህያዋን አገኘሻት ማለት ነው።

ምንጩን ለማግኘት ሌላ መሣሪያ ስጪው፤ የውሃን ኮምጣጣነት የሚለካ የፒኤች ወረቀት። የማጠቢያ ውሃ ሲብላላ ይጎመዝዛል፣ ፒኤቹ 4 አካባቢ ይወርዳል። ይህ ለውጥ ውሃው እንደገባ ወዲያው ይታያል። ኦክስጅኑ ዓሣው የት እንደታፈነ ይናገራል፤ ወረቀቱ ነገሩ ከየት እንደገባ።

የቦዬ ልጅ
ኅዳር 4፣ ማታ 4:05

ከሥራ መልስ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። 5.5፣ 4.1፣ 3.2 እያለ ወርዶ ስድስተኛው ላይ በትክክል 2.1! ተነስቼ ነው የቆምኩት። ለአንድ ወር ስቀባው የነበረው ሰማያዊና ቡናማ ውሃ እንዲህ አላናገረኝም። ሳሙናውን እኔ ራሴ እንደ ጥፋተኛ ልስለው ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጌም ለመዝናናት
ኅዳር 5፣ ቀን 6:30

እኔ ግን እንደ ተጫዋች ልናገር። ሰው ደክሞት ሲገባ ነው ስልኩን የሚከፍተው። ፒኤች፣ ኦክስጅን፣ ቀመር... ትምህርት ቤት ጨርሰን የለ እንዴ? ፕላስቲክ መልቀም ቀላል ነው፣ ደስ ይላል። ልጆቹም ጨርሰውታል።

ኮድ በሌሊት
ኅዳር 5፣ ቀን 7:10

ወንድሜ፣ ጨርሰውታል ማለት ወደውታል ማለት አይደለም። በአራት ደቂቃ ጨርሰው ስልኩን መለሱላት። ቀመሩን ተጫዋቹ አያየውም። የሚያየው የሞተ ዓሣና ተጠርጣሪዎች ነው። የወንጀል ምርመራ ደግሞ ያዝናናል። አንድ ልስማማልህ፤ ስክሪን ላይ ከሁለት ቁጥር በላይ አይታይ። ኦክስጅኑን በዓሣው አተነፋፈስ ማሳየት ይቻላል። ሲያንሰው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል።

የማና ሰው
ኅዳር 6፣ ማታ 1:50

ልጄ ነው ይህን ያሳየኝ። ጌም አላውቅም፤ ማጠቢያ ግን አውቃለሁ። ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ።

የጻፋችሁት ልክ ነው። ግን አንድ የሳታችሁት አለ። ማጠቢያ ቀን አይሠራም። ለቃሚው ጠዋት ይወጣል፣ እሸቱን ከሰዓት በኋላ ያመጣል። ይመዘናል፣ ፍሬው ይለቀማል፣ አረንጓዴው ይወጣል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ይመሻል። ማሽኑ የሚነሳው ያኔ ነው። እሸት አያድርም፤ ካደረ ይሞቃል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ሌሊቱን ይፈለፈላል። ውሃው የሚወጣው ሌሊት ነው። ቀን መጥታችሁ ብትለኩ ኩልል ያለ ውሃ ነው የምታገኙት።

ሌላው፣ ቡና የሚቀላው ዝናቡ ሲያቆም ነው። ወንዙ ሲጎድል የእኛ ውሃ ይበዛል። በሐምሌ ቢሆን ጎርፉ ይወስደው ነበር።

አንድ ነገር ልንገርሽ ልጄ። በሠራሁበት አንድ ጣቢያ የማጠራቀሚያው ጉድጓድ ሞልቶ ሌሊቱን ወደ ወንዝ ሲገባ አድሯል። እኔም አይቻለሁ። እሸቱ ተከምሮ ነበር፣ ማሽኑን አላቆምንም። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወረድኩ። አንዲት ሴት ከታች ባለው መሻገሪያ ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች። ውሃው ላይ ቀላ ያለ አረፋ ይሄዳል፣ ልጣጩ ድንጋዩ ላይ ተለጥፏል፣ ሽታው እንደ ከረመ ጠላ ነው። ምንም አልተናገረችም። ጀሪካኗን እንደ ባዶው ይዛ ተመለሰች። ያቺ ሴት እስካሁን አለች ፊቴ ላይ።

ስለዚህ ጅቡን ስትስይ ተጠንቀቂ። እዚያ ሌሊት የሚሠራው ሰው የዕለት ጉርሱን ነው የሚሠራው። ለቃሚው በሰልፍ ቆሞ ገንዘቡን ይጠብቃል።

የቦዬ ልጅ
ኅዳር 6፣ ማታ 3:00

ጋሼ፣ ይህን ስለጻፉልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ሁለቴ አነበብኩት። ጅብ አላደርጋቸውም። ሌሊቱን ግን ወደ ሌቨሉ አስገባዋለሁ፤ እሱ ነው የጎደለኝ። የቸገረኝ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ሌሊት መለካት እንዳለበት በምን ያውቃል? ዝም ብሎ የሰዓት ቁልፍ ብሰጠው ይገምታል እንጂ አያስብም።

ነጭ ጋዋን
ኅዳር 7፣ ጠዋት 12:50

ድንጋይ ይገልብጥ።

እኛ መስክ ስንወጣ እንዲህ እናደርጋለን። ቦት ጫማ አድርገሽ ወንዙ ውስጥ ትገቢያለሽ። መረቡን ከበታችሽ ትተክይና ከፊቱ ያለውን ጠጠር በእግርሽ ታምሺዋለሽ። የተነቀለው ሁሉ መረቡ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ትገለብጪዋለሽ። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ነው የሚመስለው። ትንሽ ስትታገሺ ጭቃው መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሦስት ቀጫጭን ጅራት ያላት፣ ሆዷ ዳርና ዳር ላባ የመሰለ ነገር የሚርገበገብ እጭ ካየሽ ውሃው ደህና ሰንብቷል። ኦክስጅን ሲያንስ ቶሎ ከሚጠፉት አንዷ እሷ ናት። ሳህኑ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ትል ብቻ ከተጠማዘዘ ግን ነገር አለ። እሱ ቀይ የሆነው እንደኛ ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ ኦክስጅን በጣም ባነሰበትም ይኖራል።

መሣሪያው የአሁኑን ነው የሚነግርሽ። እጮቹ ያለፉትን ሳምንታት። ቀን 6 ሰዓት ላይ መለኪያው 7 ይላል፣ ድንጋዩ ሥር ግን ቀይ ትል ብቻ ነው። ሁለቱ አይጣጣሙም። ተጫዋቹ "ታዲያ መቼ ነው?" ብሎ የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው።

ከአጂፕ ማዶ
ኅዳር 7፣ ቀን 9:15

እኔ አዌቱ ዳር ነው ያደግሁት። ልብስ አጣቢዎቹን ሳነብ ልቤ ነካኝ፤ አንዷ እናቴ ናት። እባክሽ ዝም ብለው የሚጎነበሱ ሥዕሎች አታድርጊያቸው። ወንዙን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እናቴ "በማለዳ አትቅጂ፣ ፀሐዩ ከፍ ሲል ውረጂ" ትለኝ ነበር። ምክንያቱን አልጠየቅኋትም። አሁን ጋሼ የጻፉትን ሳነብ ነው የገባኝ።

እንዲህ አድርጊው። ተጫዋቹ መጥቶ ቢከሳቸው ዝም ይሉታል፣ ፊታቸውን አዙረው ማጠባቸውን ይቀጥላሉ። ሰላም ብሎ ቢጠይቃቸው ግን "ማለዳ ይሸታል፣ ረፋድ ላይ ይተወዋል" ይሉታል።

ደግሞ አፋን ኦሮሞም ያውሩ። ጅማ ነው አይደል? ልጅ "ቢሻን" (ውሃ) ሲል ካልተሰማ የኛ ወንዝ አይመስልም።

ኮድ በሌሊት
ኅዳር 7፣ ቀን 9:50

ይሄ ሰዓቱን ራሱን ይፈታልናል። ዝግ ያለ ወንዝ በሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማሽኑ ከምሽቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ሠራ እንበል። ሴቶቹ 8 ኪሎ ሜትር ታች ካሉ ቆሻሻው እነሱ ጋ የሚደርሰው ከሌሊቱ 8 እስከ ጠዋቱ 2 ነው። ማለዳ ይሸታል፣ ረፋድ ይተዋል። እናትሽ ያሉት ከነሰዓቱ ልክ ነው።

ተጫዋቹ ከእነሱ ቃል ተነስቶ ወደ ኋላ ይቁጠር። በዚያ ላይ ቅጠል አንሳፊበት። ቅጠሉ በሰዓት ስንት ታይል እንደሚሄድ አይቶ ያሰላል። የጽሑፍ ማብራሪያ አያስፈልግም።

አስተማሪው
ኅዳር 8፣ ማታ 2:30

ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ አለኝ፤ ስልክ ያለው ጥቂቱ ነው። ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ስልክ ቢጫወቱ ደስ ይለኛል። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ወረቀት ላይ ይመዘግባል። ጌሙ መዝገቡን በራሱ ባይዝ ይሻላል።

የቦዬ ልጅ
ኅዳር 8፣ ማታ 4:20

ተቀብያለሁ መምህር። መዝገቡን ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።

አሁን ሁለተኛው ግማሽ። ምንጩ ተገኘ፤ ከዚያስ? መጀመሪያ "ማጠቢያውን ዝጋ" የሚል ቁልፍ ነበረው። ጋሼ ከጻፉልኝ በኋላ አልቻልኩም። በእርስዎ አስተያየት ምን ቢደረግ ነው የሚሻለው?

የማና ሰው
ኅዳር 9፣ ማታ 1:30

መዝጋት አይሆንም ልጄ። ቡናው ዛፍ ላይ ይደርቃል።

ሥራው ብዙ ነው፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው። አንደኛ ልጣጩን ከውሃው ለይቶ ማውጣት፤ ከርሞ ጥሩ ኮምፖስት ይሆናል፣ ለቡናው ይመለሳል። ከወንዝ ዳር መከመር ግን አይገባም፤ ዝናብ ሲመታው እንደገና ይወርዳል። ሁለተኛ አንድን ውሃ ደጋግሞ መጠቀም፣ ለመፈልፈል አዲስ ውሃ ሁሌ አይፈለግም። ሦስተኛ ጉድጓዱን ከእሸቱ ጋር ማመዛዘን፤ ያ ያየሁት ጉድጓድ ለግማሹ እሸት የተቆፈረ ነበር። ከጉድጓዱ በታች ደግሞ ቬቲቨር ሳር ይተከላል። ሥሩ ጥልቅ ነው።

ነጭ ጋዋን
ኅዳር 9፣ ማታ 3:10

ጋሼ ሁሉንም አሉት። እኔ አንድ ወጥመድ ልጨምር፦ ድንጋይ። ውሃ በድንጋይ ላይ ሲንፏፏ ከአየር ብዙ ኦክስጅን ይወስዳል። ተጫዋቹ ድንጋይ ደርድሮ 2.1ን ወደ 4 ቢያወጣ ዓሣው ይተነፍሳል፤ ያሸነፈ ይመስለዋል። ቆሻሻው ግን አልተነካም። ከድንጋዩ ታች ውሃው ሲተኛ እንደገና ይወርዳል።

ቦዬንም አትርሺ። ረግረጉን እንደ ታይል አስገቢው። ውሃው ቄጤማውና ደንገሉ መሃል ቀስ ሲል ደለሉ ይቀመጣል፣ ቆሻሻው ይቀንሳል። ተጫዋቹ ገንዘብ ሲያጥረው ከረግረጉ ጭቃ ለጡብ መሸጥ ይችል፣ ወይም አድርቆ ሊያርሰው። ገንዘብ ያገኛል። ታች ያለው መለኪያ ግን ቀስ እያለ ይወርዳል። ቀስ እያለ መሆኑ ነው ዋናው፤ ወዲያው ከሆነ ማንም አይሳሳትም።

አዲስ ገቢ
ኅዳር 10፣ ቀን 5:00

መጨረሻ ላይ ውሃ አጋር ጨምሮ ወንዙን ቢያጸዳስ?

ነጭ ጋዋን
ኅዳር 10፣ ቀን 6:20

እሱ ክሎሪን ነው፤ ቤት ውስጥ ጀሪካን ላይ ጀርም ይገድላል። ስኳሩን አያወጣም፣ ኦክስጅኑንም አይመልስም። እንዲያውም ቆሻሻ የበዛበት ውሃ ክሎሪኑን ራሱን ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው የደፈረሰ ውሃ መጀመሪያ ጠልሎ ከዚያ የሚታከመው። ከፈለግሽ የቦዬ ልጅ፣ ይህ ቅደም ተከተል ለብቻው ትንሽ እንቆቅልሽ ይሆንሻል፤ በአንዷ ሴት ቤት ውስጥ።

የቦዬ ልጅ
ኅዳር 16፣ ማታ 2:40

ትናንት ያቺኑ ልጅ ጠራኋት። ከታናሽ ወንድሟ ጋር መጣች፤ እሱ ደብተር ይዞ ነው።

መጀመሪያ የሞተውን ዓሣ አየች። ቀጥሎ አረፋውን። አላመነታችም፣ ሴቶቹን ከሰሰቻቸው። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ሳሙናውን ከመንደሩ ሱቅ አስወገደች። በማግስቱ ዓሣው እንደገና ሞቷል። ወደ ሴቶቹ ተመለሰች፤ አላናገሯትም። ስልኩን አስቀምጣ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጌሙን ከመጀመሪያው ከፈተችው። በሁለተኛው ዙር ከሁሉም በፊት ሰላም አለቻቸው።

ድንጋዩን ስትገለብጥ ወንድሟ "ቀይ ብቻ ነው" ብሎ ጻፈ። መለኪያው 7 ነበር። "ይሄ ውሸታም ነው" አለች መለኪያውን። ታይሎቹን ወደ ኋላ የቆጠረው ወንድሟ ነው፣ በጣቱ። 55 ደቂቃ ፈጀባቸው፤ እናታቸው ለእራት እስክትጠራቸው አልተነሱም።

ማጠቢያው ጋ ሲደርሱ ሌሊት ነበር። የለቃሚዎቹን ሰልፍ አዩ። "ልዝጋው?" አለችኝ። ቁልፉ የለም አልኳት። ገንዘቧን ቆጥራ ጉድጓዱን አሰፋች። ቬቲቨሩ አልበቃትም፤ ለነገ አቆየችው።

የጎደለው አንድ ነገር ድምፅ ነው። ሌሊቱ ጭር ብሏል። የመፈልፈያ ማሽን ድምፅ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ያገኘሁት የኛን አይመስልም።

የማና ሰው
ኅዳር 16፣ ማታ 3:25

የኛ ማሽን ይንተከተካል፣ ውሃውም አብሮ ይጮኻል። ከሩቅ ሲሰማ ዝናብ የመጣ ይመስላል። አርብ ማታ እሸት ይገባል ተብሏል። የልጄን ስልክ ይዤ እሄዳለሁ።

የቦዬ ልጅ
ኅዳር 16፣ ማታ 3:31

ጋሼ፣ ከማሽኑ አጠገብ አንድ፣ ከታች ከመሻገሪያው ደግሞ አንድ ይቅዱልኝ። ያቺ ሴት የቆመችበት ቦታ።

የማና ሰው
ኅዳር 16፣ ማታ 3:40

እሺ ልጄ። ቦታውን አውቀዋለሁ።